ጀርባውን ለገደል የሰጠው ካራቫን

ካራቫኑን፣ በመኪና የሚጎተተውን ቤት፣ ያዋሰን የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። የገዛው ለሽርሽር አልነበረም። መንገድ ዳር አቁሞ ዳቦና የድንች ጥብስ ሊሸጥበት አስቦ መስኮቶቹን በሙሉ በፍርግርግ ብረት አስበየዳቸው፤ በሩ ላይም እንደ ሱቃችን በር ያለ፣ ከውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ የብረት መዝጊያ አስገጠመ። ከዚያ ፈቃዱ አልወጣ ሲለው ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ጥቂት ቀን ተራራ ላይ ልናድርበት እንደምንፈልግ ስነግረው መጀመሪያ የሰማኝ አልመሰለኝም።

«ጫካ ውስጥ?» አለ። «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ሰላም ነው?»

እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ ወሬው ቀድሞን ግቢው ውስጥ ይጠብቀን ነበር። ከወንዶቹ አብዛኛዎቹ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች ናቸው፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አቆራርጠው፣ ግማሹን በጭነት መኪና ግማሹን በእግር የመጡ። «እኛን ደላላ በዱላ እየነዳ ነው ጫካ ያሳደረን፤ እናንተ በገዛ እግራችሁ?» አለ አንዱ። ሌላው «አንበሳ ካያችሁ ሰላም በሉልን፤ ታንዛኒያ ላይ ተዋውቀናል» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም፤ እሱም በዚያው መንገድ የመጣ ነው። እኔ በአውሮፕላን የመጣሁ ሙሽራ ስለሆንኩ ጫካ ምን እንደሆነ እንደማላውቅ በተጣላን ቁጥር ያስታውሰኛል።

ጉዞው የእኔ ሐሳብ ነበር፤ እሱ ቢሆን ከሱቅ ወደ ጅምላ መደብር፣ ከጅምላ መደብር ወደ ሱቅ እንጂ ሌላ መንገድ አያውቅም። እኔም ቢሆን ተራራ ናፍቆኝ አይደለም። አሁን ከምንሠራበት ሰፈር ከዛንድስፕሩት በፊት ሱቃችን ዲፕስሉት የሚባል ሰፈር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ጫፍ ጩኸት መጣ፤ መጀመሪያ የኳስ ደጋፊዎች መስለውኝ ነበር። ቀረብ ሲሉ የሚጮኹት አንድ ቃል እንደሆነ ሰማሁ። ፑማ። በዙሉ ውጣ ማለት ነው። ፑማ፣ ፑማ እያሉ የብረቱን በር በድንጋይ መቀጥቀጥ ጀመሩ። ባለቤቴ ቆለፈ፤ እኔና እሱ ከዱቄት ከረጢቶቹ ጀርባ ተኝተን ቆየን። ከአጠገባችን ሱቅ የነበረው ባንግላዴሻዊ ግን «ላናግራቸው» ብሎ ወጣ። ምን እንዳደረጉት ማየት አልቻልንም፤ ድምፁን ግን ሰምተናል። ፖሊስ ደርሶ እኛ በእግራችን ስንወጣ እሱን በቃሬዛ እየወሰዱት ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ሕግ ወጣ። ፑማ ሲባል አይወጣም። የበሩን ቁልፍ በጫማ ክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፤ ሲታጠብም አያወልቀውም። እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ግን ዲፕስሉት ጥሎት መጣ። ዛንድስፕሩት ከገባን በኋላ ከረጢት ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ያንጎላጃል፤ ድመት ቆርቆሮ ላይ ከረገጠች ብድግ ነው። ከሳ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ እሱን ትቶ ወደ እኔ ዞረና፣ ይህ ሰው ካላረፈ ልቡ አይችልም አለኝ። ፈራሁ። ሌላ ምን እላለሁ፣ ባሌን ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሩ ክፍት ሆኖ አንዴ እንዲተኛልኝ።

ከጅምላ መደብር የሰጡን የግድግዳ ካላንደር ላይ ደን የለበሰ ተራራ፣ ከታቹ ደግሞ ባሕር ነበር። ደርባን አጠገብ ነው አሉኝ። ወሰንኩ።

ወደ ጉዞው ከመግባቴ በፊት ስለ አንዲት ደንበኛዬ ልናገር። ከሱቃችን ፊት ለፊት የዶሮ እግር ጠብሳ የምትሸጥ ሴት አለች። ጠዋት ጠዋት በፍርግርጉ በኩል እጇን ዘርግታ «ንጊያቼላ፣ ማማ» ትለኛለች፤ እባክሽ እናቴ ማለት ነው፤ ከዚያ ዘይትና ክብሪት ትወስዳለች። ቃሉን እኔ እንዲህ ጻፍኩት እንጂ መሃሉ ላይ ያለው ድምፅ በእኛ ፊደል አይጻፍም። ምላስን ከጥርስ ጋር አጣብቆ መምጠጥ ነው። ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ፤ ሳቀችብኝ። አንድ ቀን ግን ስሰማት ነገሩ ገባኝ፤ ከንፈር መምጠጥ ነው! እኛ ለሐዘን፣ ለምስኪን፣ ለወደቀ ልጅ የምንመጥጠውን እነሱ ቃል ውስጥ ከተውታል። ከዚያ በኋላ አፌ ላይ ገባልኝ። ባለቤቴ የመስኮቱን ሥራ ለእኔ ትቶ ከኋላ ዕቃ ስለሚደረድር እንዲህ ያለውን ነገር አይሰማም ነበር፤ እሱ ከዙሉ የያዘው ቁጥርና ስድብ ብቻ ነው።

ሱቁን ለአክስቱ ልጅ ትተን ካራቫኑን ከባኪያችን፣ ከጭነት ፒክአፓችን፣ ኋላ ቀጥለን ወጣን። እሱ ከፊት መስታወት ይልቅ ከኋላ የሚያሳየውን ሲያይ መንገዱ አለቀ። ከእኛ ኋላ ረጅም ጊዜ የቆየ መኪና ካለ ዳር ይዞ ያሳልፈዋል፤ ካሳለፈው በኋላ ደግሞ ለምን ቀደመን ብሎ ይጨነቃል። «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ከኋላ ይሁኑ ወይ ከፊት፣ ምረጥ» አልኩት። ሃሪስሚዝ ከተማን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ጉም ተቀበለን፤ ከዚያ በኋላ መስታወቱም ምንም አላሳየውም።

ማረፊያው ከአንድ የሸንኮራ እርሻ በላይ፣ ተራራው ትከሻ ላይ የተደለደለ ሣር ነው። ለቀናት ዘንቦ ስለነበር ሰው አልነበረም፤ መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ የቆመ አንድ ድንኳን ነበር፣ እሱም ባዶ። ጠባቂው በዕድሜ የገፋ ዙሉ ነው፤ ሰማያዊ ቱታና የጎማ ቦቲ አድርጎ፣ የሸንኮራ መቁረጫ ገጀራ በእጁ እንደያዘ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ባለቤቴ ገጀራውን ሲያይ ሞተሩን ሊያስነሳ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ክንዱን ያዝኩት። «ሳውቦና፣ ባባ» ብዬ በመስኮት ሰላምታ ሰጠሁት። ሽማግሌው ፊቱ በራ፤ ገጀራውን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ ጨበጠኝ። መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ፣ ሜዳው ላይ እንድንቆም አሳየን።

ባለቤቴ ግን ቦታ እየመረጠ ነው። ባለሱቅ ቦታ የሚመርጠው በጀርባው ነው፤ ከኋላ ማንም ሊመጣበት የማይችል መሆን አለበት። ሜዳውን አየና «በአራቱም ማዕዘን ክፍት ነው» ብሎ ጠላው። ከሣሩ ጫፍ፣ መሬቱ ወደ ገደል ከሚሰበርበት አጠገብ ስትደርስ አንዲት ጠባብ ቦታ ነበረች። ካራቫኑን እዚያ አቁሞ ጀርባውን ለገደሉ ሰጠው፤ ከባኪው ፈታው፤ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ። ወርዶ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ተነፈሰ። «ከዚህ በኩል የሚመጣብን ወፍ ብቻ ነው» አለኝ።

ሽማግሌው እየሮጠ መጣ። እዚህ አይሆንም አለ፤ ይህንን ተረድተናል። ከዚያ «ኡምህላባቲ» የሚል ቃል እየደጋገመ በቦቲው መሬቱን ይደበድብ ጀመር። እኔ ዙሉ የተማርኩት በሱቅ መስኮት ነው፤ ዳቦ አውቃለሁ፣ ሻማ አውቃለሁ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ አውቃለሁ። ኡምህላባቲን ግን ማንም መጥቶ ከእኔ ገዝቶ አያውቅም።

«ምን አለ?» አለኝ ባለቤቴ።

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ለእኛ ያወጡልን አዲስ ስም ይሆናል።» አንገቱ ላይ ያለውን ክር ነካ ነካ አደረገ። «ከዲፕስሉት አስወጡን፣ ከዚህም ሊያስወጡን ነው። አንነሳም።»

ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ወደ ጉሙ ገባ። ደስ አላለኝም። ግን ባሌ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቦታ ወድዷል፤ ዝም አልኩ።

ያን ምሽት በጊዜ ቆለፈ። በማግሥቱ እየዘነበ ዋለ። እሱ ውስጥ ተቀምጦ በፍርግርጉ ውጪ ውጪውን ያያል፤ በቃ ሱቅ ነው፣ ደንበኛ ብቻ የለም። እኔ ጃንጥላ ይዤ ወጣ ገባ አልኩ። አንድ ጊዜ ጉሙ ሲገለጥ ከታች ሩቅ ባሕሩን አየሁት፤ ካላንደሩ ላይ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን እንደ ብረት ድስት ክዳን ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። «ና እይ!» ብዬ ጠራሁት። እስኪመጣ ተዘጋ።

ምሳ ልሠራ ቲማቲም ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ተንከባሎ ወደ ኋላ ግድግዳ ሄደ። መለስኩት፤ አሁንም ሄደ። ጠዋት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት አስቀምጬ ነበር፣ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ቲማቲሙ እንኳን ባሕር ማየት አምሮታል» አልኩት፤ እሱ «ወለሉ አሮጌ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር ቀስ ብሎ፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው፣ ሲንቋቋ ሰማሁ። እሱም ሰምቷል። ሁለታችንም የብረቱ ድምፅ ነው ተባባልን።

በሚቀጥለው ቀን ዝናቡ ቆመ፤ ጉሙ ግን ባሰበት። ቀትር ላይ ከካራቫኑ በር ፊት ሳህን እያጠብኩ ነበር። ከላይ፣ ከሣሩ በኩል የሚሮጥ የቦቲ ድምፅ መጣና ሽማግሌው ድንገት ታየ፤ ገጀራው በእጁ፣ አፉ ተከፍቶ። እኔ «ባባ» ለማለት እንኳን ጊዜ አላገኘሁም። ባለቤቴ ከኋላ ቀሚሴን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተተኝ፤ የብረቱን በር ደረገመውና ቆለፈ። ሳህኑ ውጪ ሲሰበር ሰማሁ።

«ፑማ!» አለ ሽማግሌው። በሩን በገጀራው እጀታ መታው። «ፑማ! ፑማኒ!» ሁለታችሁም ውጡ ማለቱ ነው።

ባለቤቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ትከሻዬን ተጭኖ ወለሉ ላይ አስቀመጠኝና እሱም ተቀመጠ፤ ዲፕስሉት እንደተቀመጥነው። «ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «ይደክመዋል። ይሄዳል።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም አብሬው ፈራሁ። ያ ቃል አንድ ጊዜ ሰውነት ውስጥ ከገባ ማን እንዳለው አይጠየቅም። ባንግላዴሻዊው ሲጮህ ሰማሁት፣ እዚያ ተራራ ላይ፣ በጉም ውስጥ። በሩ ይደበደባል። ወለሉ ሥር ያ ጥርስ ማፋጨት ጨመረ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብርጭቆ በራሱ ተንሸራቶ ወደቀ።

ከዚያ ሽማግሌው መደብደቡን አቆመ። ከበሩ ውጪ ከባድ ነገር ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ገጀራውን እንደጣለው በኋላ ነው ያወቅነው። ድምፁ ተቀየረ፤ የሚያለቅስ ሽማግሌ ድምፅ ሆነ። «ፑማኒ፣ ማማ» አለ። «ንጊያቼላ። ንጊያቼላ፣ ማማ።»

ብረቱን አልፎ መጣ፣ ያ የከንፈር መምጠጥ።

«ክፈት» አልኩ።

«አብደሻል?»

«እባካችሁ እያለ ነው። ስማው! ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ስማው!»

«ዲፕስሉት ብንከፍት ኖሮ…»

«ዲፕስሉት ማን እባክሽ አለኝ?» ጮህኩበት፤ በትዳራችን እንደዚያ ጮሄበት አላውቅም። «ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እባክሽ ያለኝ ነበር? ንገረኝ!»

እሱ ያዳምጥ ነበር። ሽማግሌው ደገመው፤ እኔም ውስጥ ሆኜ ከንፈሬን መጠጥኩለት፣ ባሌ ድምፁን እንዲለየው። ያን ጊዜ ካራቫኑ ነቃነቀን፤ ትንሽ ነው፣ መኪና ሊነሳ ሲል እንደሚለው። ባለቤቴ እጁን አንገቱ ላይ አደረገ። ክሩን ሊያወጣ ሞክሮ ጣቶቹ አልታዘዙለትም፤ እኔ በራሱ በኩል ጎትቼ አወጣሁት። ከፈትኩ። ሽማግሌው በሁለት እጁ ጎትቶ ሣሩ ላይ ጣለኝ። ባሌ ደፉ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ወደ ኋላ ዞሮ ፍርግርጉን ያያል። ስሙን ጠራሁት። ወጣ።

ከካራቫኑ ፊት መሬቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። ሽማግሌው ውኃ መውረጃ ሊቀድ ሣር እየመታ ሲመጣ ነው ያየው። ኡምህላባቲ አፈር ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ቀን የነገረን አፈሩ እንደማይሸከም ነበር። ሦስታችንም ወደ ላይ ሸሸን። ስንጥቁ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ካራቫኑ ጀርባውን እንደሰጠ ወደ ኋላ ወደ ጉሙ ገባ። ሲወድቅ አላየነውም። ድስቶቻችን ሲንኳኩ ሰማን፤ ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ ቆየ።

ሽማግሌው «ልጅ ነበር ውስጥ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ከዚያ ተቀምጦ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

ወደ ጎጆው ወሰደን፤ ሻይ በብዙ ስኳር አፈላልን። ፍራሹን ለባለቤቴ አነጠፈለት። በሩ መዝጊያው ስለተሰበረ አይዘጋም ነበር፤ ጉሙ ገብቶ እግራችን ሥር ይሄዳል። ባለቤቴ በጎኑ ተጋደመ፤ ፊቱን ወደ ክፍቱ በር አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመረ። ሽማግሌው በሩ ላይ ተቀምጦ ገጀራውን እየሳለ ጠበቀው፤ እኔ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝም ነው፣ ፈርቼም ነው።

ካራቫኑን ሲያወጡት እንጨቱና ቆርቆሮው ተጨማድዶ፣ የመስኮቶቹ ብረት ግን አንድም ሳይጣመም ተገኘ። ያዋሰን ሰው መጥቶ አየና «ብየዳው ጥሩ ነበር» አለ። ከዚህ ሌላ አልተናገረንም፤ ጌታ ይባርከው። እኔ ግን ያንን ብረት እያየሁ፣ ውስጥ ብንቀር ኖሮ ማን ቆርጦ ያወጣን ነበር የሚለውን እስከ ዛሬ ማሰብ አልተውኩም።

ዛንድስፕሩት ስንመለስ ቁልፉ አንገቱ ላይ ተመለሰ፤ ከረጢቱ ላይ መቀመጡም ቀጠለ። አልቆጣሁትም። አንዴ ተኝቷል፤ አንዴ የተኛ ሰው መተኛት እንደሚቻል ያውቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰፈሩ ግን ደስ አይልም ነበር። መስኮቱ ላይ የሚመጡት ፊቶች ተቀየሩ፤ ሰላምታ የሚሰጡኝ ልጆች እያዩ ዝም ብለው ያልፉ ጀመር። የውጭ ሰዎችን ስለማስወጣት የስብሰባ ወሬ ይሰማል። እኛ እንደ ወትሮው ሸጥን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዶሮ እግር የምትጠብሰው ደንበኛዬ መጣች። እሳቷን አጥፍታ ዕቃዋን ሰብስባ ነበር። ዘይት አላለችም፣ ክብሪት አላለችም። ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን አስጠጋች፤ መንገዱን ሳታይ በቀስታ ተናገረች።

«ፑማኒ፣ ማማ» አለች። «ዛሬ። ንጊያቼላ።»

ዞሬ ለባሌ ምን ብዬ እንደምነግረው፣ እንዴት እንደምለምነው፣ ስንት ጊዜ እንደምጮህበት እያሰብኩ ነበር። እሱ ከኋላዬ ሻማ ይደረድራል። ካርቶኑን አስቀመጠ። ክሩን ከአንገቱ አወለቀ።

«ሰምቻታለሁ» አለኝ። «መጠጠች።»

የዕቃው ግማሽ ገና ከካርቶን አልወጣም ነበር፤ እሱ ዞሮም አላየውም። ጃኬቴን አቀበለኝና በሩን ከፈተ። ባኪው ጋ ከደረስኩ በኋላ ሊቆልፍ የቀረ መስሎኝ ዞርኩ። ቁልፉን ቀዳዳው ላይ ሰክቶት፣ ክሩ ተንጠልጥሎ፣ ባዶ እጁን እየመጣ ነው።

«ተዪው» አለኝ። «በሩን እንኳን አይስበሩት።»